ሌላ ሰው የሞላው ጥይት

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ከበር እንደገባ እየሮጠ የሚያቅፈው እሸቴን ነው። «አይዞህ፣ ወንድምህን አጣህ!» ይሉታል። የሟቹ የመገርሳ ታናሽ፣ የእናቱ ልጅ ጎንፋ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ! እሱን ጨበጥ አድርገውት ያልፋሉ።

መገርሳ እዚሁ አሜሪካ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ካለው ፋብሪካ ሺፍቱን ጨርሶ ሲወጣ ፓርኪንግ ላይ ወድቆ ነው የቀረው። እሸቴ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምን ነው? በወንድም ለቅሶ ላይ ቅናት፣ ኧረ እንዴት ያለ ጉድ ነው! ቢሆንም ጎንፋ ቀንቷል፤ እውነቱ ይኸው ነው።

የመገርሳ ሚስት የሺሀረግ ሁለቱንም ጠቀሰቻቸው። «እባካችሁ ቤዝመንት ያለውን ባሩድ አውጡልኝ። ቤቱ በልጅ ተሞልቷል፤ ሰጋሁ» አለች በሹክሹክታ።

ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ጥይት መሙያው ማሽን ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ነው። መገርሳ ወፍ አደን ነፍሱ ነበር። የተኮሰበትን ባዶ ቀለህ እየለቀመ ያመጣና፣ ክረምቱን እዚህ ቁጭ ብሎ ባሩዱን እየለካ ይጨምርበታል፤ በላዩ የእርሳስ ፍሬውን ያደርግና አፉን አጥፎ አዲስ ያስመስለዋል።

ጎንፋ አሜሪካ በገባ ሰሞን፣ በዘጠና ሁለት፣ ሊያግዘው እጁን ቢዘረጋ መገርሳ በቀስታ መለሰው።

«ተው ጎንፌ። ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አልተኩስም። ባሩዱ ከበዛ እኮ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ነው የሚፈነዳው። በዚህ ነገር እናታችንንም አላምን።»

ጎንፋ ያኔ ስቆ አለፈው። ማንንም የማያምን ሰው እሱን ባያምን ምን ያስከፋል?

እሸቴ አላመነታም፤ የታችኛውን መሳቢያ ስቦ የባሩዱን ቆርቆሮ አወጣ።

«የት እንዳለ በምን አወቅህ?» አለ ጎንፋ። ሌላ ጊዜ ጋሽ እሸቴ ነበር የሚለው፤ ዛሬ ጋሽነቱን ነፍጎታል።

«እኔ ነኛ የምሞላለት» አለ እሸቴ አንገቱን ደፍቶ። «ከካቻምና ጀምሮ። አምና የተኮሳት ሁሉ እኔ የሞላኋት ናት።»

«ውሸታም!»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጎንፋ። ጠመንጃውንስ ይችለዋል፤ ባሩድ ሲለካ ግን ይደፋዋል። ሐኪም ቤት ድራይቭ አድርጌ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ‹ጎንፌ እንዳይሰማ፤ እንደ አባት ነው የሚያየኝ› ብሎ አስማለኝ።»

ጎንፋ ያለፈው ፋሲካ ትዝ አለው። መገርሳ ቀኑን ሙሉ እጁን ከኪሱ አላወጣም ነበር። ብርዱ መስሎት ቀልዶበታል።

ላይ ቤት ሰው ሁሉ እሸቴን ሲያቅፍ እንደምንም ችሎት ነበር፤ ይሄኛው ግን በዛበት። መገርሳ በመጨረሻ ሰው አምኖ ነበር። ያመነው ግን እሱን አይደለም።

«እኔ ወንድሙ ያላየሁትን አንተ አየኸው» አለ ጎንፋ።

«አየሁት።»

«እንዴት ነበር? አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«እጁን! እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አሳየኝ አልኩህ!»

እሸቴ ቆርቆሮውን አስቀመጠና ቀኝ እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ አውራ ጣቱ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ጣቶች መርገብገብ ጀመሩ። ጎንፋ ዓይኑን ሳይነቅል አየ። እሸቴ ማሳየቱን ቢያቆምም እጁ አልቆም አለችው። ጎንፋ በሁለት እጁ ያዛትና ደረቱ ላይ አጥብቆ ለጠፋት።