የአባቴ ሐውልት

«ዛሬውኑ አፍርሺው አልኩ!» አለ ፍቅሬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ዳዲ፣ ፋይናል ፕሮጀክቴ ነው። ያለሱ አልመረቅም» አለች ልጁ ሄለን።

የሚፈርሰው ነገር የምግብ ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፦ ከሸክላ ጭቃ የተሠራ የፍቅሬ ራስ። አምስት እሑድ ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቶ ያሠራው እሱው ነው። ጣጣው የመጣው ከአንድ ቃል ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ተወልዳ ያደገችው ሄለን የሥራዋን የእንግሊዝኛ ስም በስልኳ ወደ አማርኛ መልሳ፣ ትናንት የከተማው ኢትዮጵያውያን ማኅበር ቴሌግራም ላይ «የአባቴን ሐውልት ሠርቼ ጨረስኩ» ብላ ጻፈች። ጊዜው በፈረንጆቹ 2021 ነው፤ በክረምቱ ኮቪድ ከማኅበሩ ሁለት ሰው ወስዷል። ለማኅበርተኛው ደግሞ የአባት ሐውልት መቃብር ላይ የሚቆም ነው። ማንም አልተጠራጠረም።

ጠዋት ከማኅበሩ እትዬ ቆንጂት ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሊንደን ሰፈር እነ ፍቅሬ ቤት ድረስ ለለቅሶ መጡ። በሩን የከፈተላቸው ሟቹ ነው።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ቆንጂት፣ ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው። «አንተ ሰው፣ በቁምህ አስለቀስከን እኮ!»

ሚስቱ ንግሥት ይኼው እስካሁን ትስቃለች። የፍቅሬ ደም ግን እንደፈላ ነው።

«ኒው አልባኒ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ነፍስ ይማር እየተባልኩ ካርቶን ልጫን? ሐውልት ለሞተ ሰው ነው!»

«ኖ፣ ዳዲ! ኡዶን የሚባል የፈረንሳይ ቀራፂ ነበር። የመጀመሪያውን ፕሬዝዳንት፣ ዋሽንግተንን እንዲሠራ ሥዕሉን ላኩለት። ሰውየውን ራሱን ካላየሁ አልሠራም ብሎ በመርከብ እዚህ አሜሪካ ድረስ መጣ። እቤቱ ሄዶ፣ በሕይወት እያለ ሠራው።»

«ታዲያ ሰውየው አሁን የት አለ?»

ሄለን ትንሽ አሰበች። «ሞቷል።»

«ይኸው!»

ንግሥትን ሳቋ እንደገና መጣባት። ሄለን ጨርቁን ገፈፈችው። «ዓይኑን ብቻ እይልኝ። ኡዶን ብሌኑን ይቦረቡርና ብርሃን እንድትይዝ አንዲት ጠብታ ጭቃ ይተው ነበር። እኔም እንደሱ አደረግኩ።»

ሥራው ካለቀ በኋላ ፍቅሬ አላየውም ነበር። ጎንበስ አለ። የሌሊት ሥራ ያሳበጠው የዓይኑ ሥር አልቀረም፤ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳም አልቀረችም። ይህን ያህል አተኩሮ ያየው ሰው መኖሩን አያውቅም ነበር።

«ጆሮዬ እንዲህ ትልቅ ነው?»

«ኧረ አሳንሳልሃለች» አለች ንግሥት።

«አታፍርሺው» አለ በመጨረሻ። «ግን ቴሌግራሙ ላይ አባቴ ደህና ነው ብለሽ ጻፊ። አሁኑኑ።»

የነሄለን የምረቃ ኤግዚቢሽን ሾርት ኖርዝ ሰፈር በአንድ ትንሽ ጋለሪ ተከፈተ። ፍቅሬ የሠርጉን ኮት ለብሶ ሄደ። ሰው ሁሉ ማስክ አድርጓል፤ እሱም አድርጓል። ሄለን ጥግ ላይ ለአስተማሪዋ ስለ ዓይን ታስረዳለች፤ ንግሥት ፎቶ ታነሳለች። አንድ ባልና ሚስት በሸክላው ራስና በፍቅሬ መካከል ገብተው፣ ማን እንደሆነ ሳያውቁ «ይቅርታ» ብለውት፣ ብሌኑን ጎንበስ ብለው አዩ። ሴትየዋ ለባሏ «ሊናገር ነው የሚመስለው» አለችው።

ፍቅሬ ሰዓቱን አየ። ሥራ የሚገባው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ቦታ ለቀቀላቸውና በሰዎቹ መሃል አልፎ ወደ መኪናው ሄደ።