እስከ ጉልበት ቡናማ

እናቴ በኪራይ ቤት ስትኖር ሠላሳ ዓመት ሞላት። በዚህ ሁሉ ዘመን የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ምስማር ስትመታ የሚቆጣት አከራይ የሌለበት ቤት። ዘንድሮ ለመሥራት ደረስን። የቀረን ሰፈር መምረጥ ነው።

መራጩ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሹፌር ስለሆነ አገሩን ያውቀዋል፤ የማያውቀውንም እንደሚያውቅ አድርጎ ያወራል። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስውል ማንም አያናግረኝም፤ ያ ደግሞ ይስማማኛል። ሰው ፊት መናገር ሲመጣ ምላሴ ይተሳሰራል።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ወደሚገኝ አዲስ ሰፈር ወሰደን። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ አስፋልቱም ደጃፍ ድረስ ገብቷል። ደላላው ውሉን ይዞ ጠበቀን።

«እናቴ፣ ይኼ ቦታ ዛሬ ካልተፈረመ ነገ የለም» አላት።

«ቤቶቹን እዪልኝ እማዬ!» አለ ወንድሜ። «ሁሉም ከሥር እስከ ጉልበት ቡናማ፣ ከዚያ በላይ ክሬም። ተስማምተው ነው የቀቡት። እንዲህ የሚዋደድ ጎረቤት ከየት ይገኛል?»

እናቴ ደስ ብሏት ዙሪያዋን አየች። እኔ ግን ድንግጥ አልኩ። ያን ቡናማ ስንት ጊዜ ቀብቼዋለሁ! ሰው ግድግዳውን ከሥር የሚያጠቁረው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ያበላሸውን ለመሸፈንም ነው። አንድ ቤት ቢሆን ምንም አልነበረም። መንገዱን ሙሉ፣ ያውም በአንድ ልክ? ውሃ እንጂ ሰው እንዲህ አይስማማም።

ወንድሜ እስክሪብቶ ተቀበለ።

«ወንድም ጋሼ» አልኩ። አልሰማኝም። «ወንድም ጋሼ፣ እንዳትፈርም!»

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

«እንዴ! ይኼ ልጅ ይናገራል እንዴ?» አለ ደላላው እየሳቀ።

«እዚህ ውሃ ይገባል። እስከ ጉልበት።»

«ደረቅ መሬት ላይ ቆመህ ስለ ውሃ ታወራለህ? ሂድ ቀለምህን ቀባ!» አለ ወንድሜ።

ሄጄ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። የማላውቀውን ሰው በር ማንኳኳት ለኔ ከመናገርም ይብሳል። አንዲት አሮጊት ከፈቱልኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ... ዝናብ ሲመጣ ውሃው እስከየት ይደርሳል?»

«ዘንድሮ እንኳ ደህና ነው፤ አልጋ ላይ አልወጣም» አሉ። «አምና ነው እንጂ ዶሮዎቼን ቁም ሳጥን ላይ አውጥቼ የሰነበትኩት። ልትገዙ ነው? ግዙ፣ ግዙ! ውሃ ጠርጎ የሚያወጣ ጎረምሳ ቸግሮናል።»

ደላላው ያልጮኸ ስልኩን አንስቶ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ራቀ።

«ተስማምተው ነው የቀቡት!» አለች እናቴ የወንድሜን ድምፅ አስመስላ። ስቃ እስኪወጣላት ድረስ መኪናው ላይ ተደገፈች።

ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሰፈር ወጣን። መንገዱ ገና ድንጋይ ነው፤ ወንድሜ ስለ ጎማው ሲነጫነጭ ደረስን። እኔ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ እየዞርኩ ግድግዳውን ከሥሩ ዳበስኩ። ሁሉም ደረቅ ነው። አንድ ሰውዬ ሁለት ክፍት ቦታዎች፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ አሳየን።

«የትኛው ይሻላል?» አለች እናቴ።

ወንድሜ አፉን ሲከፍት እጇን አነሳችበት። «አንተ ቆይ። እሱን ነው የጠየቅኩት።»

ቦታውን የሚያሳየን ሰውዬ፣ ሁለት ግንበኞች፣ ወንድሜ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ላብ አጠመቀኝ።

«የላይኛው» አልኩ።

«ለምን?»

ስለ ውሃ መውረጃው ጀመርኩ። ከዚያ ስለ ጠዋት ፀሐይ፣ ስለ መስኮቶቹ አቅጣጫ፣ እሷ ስለምትተኛበት ክፍል ቀጠልኩ። ግንበኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያዳምጡኛል።

«በል እንግዲህ ይበቃል፤ ሊመሽብን ነው» አለ ወንድሜ በመጨረሻ።

«ተወው» አለችው እናቴ፣ ድንጋይ ላይ ተመቻችታ እየተቀመጠች። «ገና ወጥ ቤቱ ጋ አልደረሰም።»