ለስፌት የሚተው ጣት

በግልጽ ተወያይተን ፈታነው፣ እሱን ነው የምለው፣ እህቴ ለዛሬው የሥራ ቃለ መጠይቅ ትናንት አሥር ጊዜ አስብላኛለች፣ ታናሼ ናት ግን ቢሮ ስለምትሠራ እናቴ ልትሆን ይቃጣታል፣ ከባልደረባሽ ጋር ተጋጭተሽ ታውቂያለሽ ማለታቸው አይቀርም፣ አዎ በይ፣ በጭራሽ ካልሽ ውሸታም ናት ይሉሻል፣ ከዚያ ተወያይተን ፈታነው በይና ፈገግ በይ። ይኸው ጠየቁ። የጠየቀችው ባለመነጽሯ ሴትዮ ናት፣ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ብዕሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ፈገግታውን አምጥቻለሁ፣ ቃሉ ነው የጠፋው።

ምን ነካኝ? ሥራው እኮ ያስፈልገኛል፣ የድሮው ልብስ ስፌት ቤት ከተዘጋ ስምንት ወር ሆነው፣ የእህቴ ሶፋ ላይ የእኔ ቅርጽ ወጥቷል፣ ባሏ ምንም አይልም፣ አለማለቱ ነው የሚከፋው፣ እዚህ ግን ሆስፒታል ነው፣ የበሽተኛ ጋውን መስፋት፣ ቋሚ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ በይ እንጂ አንቺ ሴት ተናገሪ! ዓይኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። ለፈተና ያቀረቡልኝ የተቆረጠ ጨርቅ፣ ነጭ፣ ተጠቅልሎ በብጣሽ ታስሯል፣ ሁለት ዙር ዞሮ አንድ ቀለበት፣ ይህን አስተሳሰር የት ነው የማውቀው?

ኧረ የት ነው የማውቀው እላለሁ እንዴ! የጋሽ መቀስ ነው።

ቆራጫችን ነበር፣ እሱ ይቆርጣል እኔ እሰፋለሁ፣ መሃላችን ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት፣ ጥቅሉ በመስኮቱ ይመጣል። መጀመሪያ ጋሼ እርስዎ እለው ነበር፣ እሱም እሜቴ እያለ ያሾፍብኛል፣ አንድ ቀን ደንበኛ ፊት፣ እጅሽ እኮ ጨርቅ ይበላል፣ ዳር ዳሩን ውጠሽ ጨረስሽው፣ አለኝ፣ የእኔ አፍ ደግሞ መች ያርፋል፣ አንተ ነህ ለዝሆን የምትቆርጠው። አንተ። ጋሼን። አለቃችን ሳቀ፣ ደንበኛዋ ሳቀች፣ ጋሽ መቀስ አልሳቀም፣ መስኮቱን ዘጋው፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ለጥቅል ብቻ ሆነ። አራት ዓመት። ዝም አይነቅዝም ትላለች እናቴ፣ እሷ እኛን መቼ አየችን። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

የሚገርመው ግን ልብሱ ልክክ ይል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተመላሽ የለም፣ አለቃችን፣ እንዲህ እየተኳረፋችሁ ስፉልኝ፣ ይል ነበር። ከዚያ ጋሽ መቀስ ታመመና ሁለት ሳምንት ቀረ፣ ምትክ ቆራጭ መጣ፣ ስልሳ የተማሪ ዩኒፎርም፣ እንደ ወትሮዬ ሰፋሁት፣ ስልሳውም ልጆቹን አነቀ፣ ቁልፍ ከቁልፍ ቤት አልደርስ አለ። ሰውየው መቁረጥ አያውቅም ብዬ ማልኩ፣ አባረሩት፣ አምኜ ነው የማልኩት፣ ለምን አሁን ትዝ አለኝ?

ጥያቄውን ልድገምልዎት? ትላለች ባለመነጽሯ።

ገብቶኛል፣ እያሰብኩ ነው፣ ይህን ጨርቅ ባየው ቅር ይላችኋል? ሰውዬው ሰዓቱን ያያል፣ እሷ እጇን ትዘረጋለች፣ እዩት ማለቷ ነው። ቀለበቱን ስስበው ይፈታል፣ እንደ ድሮው። መካከለኛ ተብሎ በጠመኔ ተጽፎበታል፣ በስንዝሬ ለካሁት፣ ደገምኩት፣ መካከለኛ አይደለም፣ በየጎኑ አንድ ጣት ትርፍ አለው፣ ለስፌት የሚተወው አንድ ጣት ነው፣ እዚህ ሁለት ጣት ተትቷል፣ ምን ቆጥሮ ነው?

እሱ እኮ ነው ያስቸገረን፣ ትላለች ሴትዮዋ፣ ጋውኑ ሁሉ ትልቅ ሆኖ ይወጣል፣ በሽተኛው ውስጡ ይጠፋል፣ ቆራጩ አዲስ ነው፣ ዕድሜውም ገፋ ብሏል፣ የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ልናሰናብተው ነው፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ጥፋቱ የእሱ አይመስልዎትም?

ቆይ፣ ቆይ። እጄ ይበላል ብሎ አንድ ጣት ጨመረ፣ እኔ ደግሞ ለዝሆን ይቆርጣል ብዬ አንድ ጣት በላሁ፣ እሱ ስለጨመረ ነው የበላሁት ወይስ ስለበላሁ ነው የጨመረው? ማን ጀመረው? አራት ዓመት ሙሉ በግድግዳ በኩል አንዳችን የሌላችንን ስህተት እያረምን፣ ወይ ጉድ፣ ለዚህ ነዋ ልክክ ይል የነበረው! ያ ምትክ ሰውዬ ደግሞ፣ ምስኪን፣ በትክክል ቆርጦ ነው የተባረረው፣ እኔ ነኝ ያስባረርኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጋሽ መቀስስ? እኔ በሌለሁበት ቤት፣ ስምንት ወር አልፎ፣ እጁ አሁንም ለእኔ ይቆርጣል። አንጀቴን በላው።

አዎ የእሱ ነው ብል ሥራው የእኔ ነው፣ ሶፋው ይለቀቃል፣ እህቴ ብትሆን በይው ነበር የምትለኝ፣ አንድ ቃል እኮ ናት፣ ስለዚያ ምትክ ሰውዬ አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ።

አልፈታነውም፣ እላለሁ። ሳልስቅ።

ምኑን? ትላለች ሴትዮዋ።

ግጭቱን፣ የጠየቃችሁኝን፣ ከቆራጭ ጋር ተጣልቼ አራት ዓመት አልተነጋገርንም፣ ቆራጩ ይኸው የእናንተው ነው፣ ጋውኑ ትልቅ የሆነው በእኔ ጦስ ነው፣ አትሳቁብኝ፣ አስጠሩልኝ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ።

ሰውዬው ብዕሩን ይከድናል፣ አለቀልኝ ማለት ነው፣ ሴትዮዋ ግን ስልኩን አንስታ፣ ቆራጩን ላኩልኝ፣ ትላለች፣ እኔን ትክ ብላ እያየች፣ እሷም የማወቅ ጉጉት ይዟታል መሰለኝ። የእግር ድምፅ። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ያኔም ይጎትት ነበር ወይስ አሁን ነው? በግድግዳ በኩል እግር አይታይም። በሩ ይከፈታል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ እኔን ያያል፣ የተፈታውን ጥቅል ያያል፣ እጄን ያያል።

ጋሼ፣ እላለሁ፣ ለስፌት ስንት ጣት ነው የሚተዉት?

ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል።

ለሰው አንድ፣ ይላል፣ ለአንቺ ሁለት።