ከኋላ የተቀመጠው አባት

ዜማ አባቷ በጋራዡ በር ሲገባ አይታዋለች፤ ቀና ግን አላለችም። የፈታችውን ካርቡሬተር በቤንዚን እያጠበች ነበርና ማጠቧን ቀጠለች። የአባቷ የወልደ ሩፋኤል ግራ እጅ ከክርኑ እስከ መዳፉ በጄሶ ታሽጎ በሻሽ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። ከደብረ ኤልያስ ደብረ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ ሲንገላታ መምጣቱ ከፊቱ ያስታውቃል። የጋራዡን ባለቤት ሚንሃጅን ሰላም ብሎ፣ ጤና ጠያይቆ ሲያበቃ መጥቶ ልጁ አጠገብ ቆመ። አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። አንዱ የሌላውን ደኅንነት የሚሰማው ከእናቷ አፍ ነበር።

የመጣበትን ጉዳይ ሳያንዛዛ ነገራት። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ዋሻ ማርያም በምትባል፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በተንጠለጠለች ቀበሌ አባ ሰንጋ ገብቶ በአራት ቀን ሰባት ከብት ገድሏል። አጎራባች ቀበሌዎቹም ሳይዛመት መከተብ አለባቸው። ክትባቱ ወረዳው ደርሷል፤ የሚያቀዘቅዘው በረዶ ግን ከነገ ወዲያ ማታ አያልፍም። መኪና የሚሄደው እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። እሱ ባለፈው ሳምንት ዋልካ ጭቃ ላይ ከሞተር ወድቆ እጁን ሰብሯል፤ ባልደረባው ደግሞ ደምበጫ ለቅሶ ሄዷል። ሞተሩ አለ፣ የሚነዳው የለም።

«የወንድምዎ ልጅ ጌቱ ይንዳልዎታ» አለችው ዜማ፣ ዓይኗን ከካርቡሬተሩ ሳትነቅል።

አንቱ ያለችው አክብራው አይደለም። ልጅ ሆና «አባዬ፣ አንተ» ነበር የምትለው። ከተጣሉባት ቀን ጀምሮ ግን እንደማታውቀው የሩቅ ሽማግሌ አንቱ ትለዋለች። ሌላ ሰው ቢሰማት ጨዋ ልጅ ይላት ይሆናል፤ ወልደ ሩፋኤል ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል።

ጠቡ እንዲህ ነው የተነሣው። ዜማ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አባቷ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ላይ ከፊቱ አስቀምጦ መሪ አስያዛት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ብቻዋን ነዳች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተያይዘው መንገድ በሌለበት ይሄዱ ነበር፤ በከብት ፈለግ፣ በታጨደ ማሳ ዳር፣ ድንጋይ በበዛበት ዳገት። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን እንደማይያዝ፣ ውሃ መካከል ቤንዚን እንደማይቀነስ፣ ዋልካ ውስጥ ማርሽ እንደማይቀየር ያስተማራት እሱ ነው። አሥራ አራት ሲሆናት ከሞቱ ሦስት ሞተሮች አንዲት ሕያው ሞተር እንሥራ ተባባሉ። ከአንዱ አካሉን፣ ከሌላው ጎማዎቹን፣ ከሦስተኛው ካምቢዮውን ወስደው ሲፈቱ ሲገጥሙ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ሞተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣች ቀን ወልደ ሩፋኤል ከደስታው ብዛት ቀይ ቀለሟ ሳይደርቅ አቅፏት አዲስ ጋቢውን አበላሸ።

ከዚያ ታላቅ ወንድሙ አምደሚካኤል መጣ። ሴት ልጅ እግሯን አንፈራጣ ገበያ መካከል ስታልፍ እያየህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል አለው። ሁለተኛ ጊዜ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ፤ ይህች ልጅ ባል አታገኝም፣ የቤታችንንም ስም ታጠፋለች ተባለ። በሳምንቱ ዜማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሞተሯ የምትቆምበት ጥግ ባዶውን ጠበቃት። ለአምደሚካኤል ልጅ ለጌቱ ተሰጥታለች። አባቷ ጓሮ እንጨት ይፈልጥ ነበር። የት ሄደች፣ ለምን ብትለው ቀና ሳይል መፍለጡን ቀጠለ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች ልብሷን ጠቅልላ ማርቆስ ገባች።

እና አሁን ይኸው ሰው መጥቶ ንጂልኝ ይላታል።

«ጌቱ የዋሻ ማርያምን ቁልቁለት አይወርድም» አላት። «አይችልም።»

አባ ሰንጋ ምን እንደሚሠራ ልጅ ሆና ጀምሮ ታውቃለች። ከብት ከገደለ በኋላ ወደ ሰው ይዞራል። እጇን በጨርቅ ጠርጋ ከሚንሃጅ የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ስትወጣ አባቷን ሳታየው፣ «ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለችው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከደብረ ኤልያስ ተነሡ። የክትባቱ ሳጥን ከኋላ በጎማ ገመድ ታስሯል፤ ወልደ ሩፋኤል በሳጥኑና በልጁ መካከል ተቀምጦ በደኅና እጁ የኮርቻውን ብረት ይዟል። ወሩ መስከረም ነው። ዝናቡ ቢያባራም ዋልካው ገና ጎማ ይውጣል። ጠጠሩ መንገድ አልቆ የእግር መንገዱ ሲጀምር አባቷ መናገር ጀመረ። ማርሽ ቀንሺ። ድንጋዩን በግራ እለፊው። ክብደትሽን ወደ ኋላ አድርጊ። እሱ ሳይናገር እጇ ቀድሞ ያደርገዋል፤ የሚነግራት ሁሉ ራሱ ያስተማራት ነው። ከምክሩ በላይ ያንገበገባት ግን የገዛ ሰውነቷ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ የሌላ ሰው ሞተር ስትጠግን ኖራ ጉልበቶቿ ዛሬ ሞተር ጨብጠው ሲያገኙ ደስ ብሏቸዋል። በዚህ ሰው ፊት ደስ እንዲላት አልፈለገችም።

ጅረት ሲሻገሩ፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ እየመጣ፣ «ቤንዚን እንዳትቀንሺ» አላት። ማዶ እንደወጡ ሞተሩን አጠፋችና ሁለት እጇን ከመሪው አንሥታ ወደ ላይ ዘረጋች።

«ከፈለጉ ይንዱት።»

ወልደ ሩፋኤል የታሸገ እጁን አየ። ከዚያ በኋላ ዋሻ ማርያም እስኪደርሱ ምክሩን ተወ።

ቀበሌዋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስቧል። ሌሊት የታመመ በሬ ሳይሞት እናትርፈው ብለው አርደው፣ ቅጠል አንጥፈው ሥጋውን ይከፋፈላሉ። ዜማ ሞተሩን ሳታቆም አባቷ ዘሎ ወረደ። ከበሬው አፍንጫ የወረደው ደም እንደ ቅራሪ ጠቁሮ ይፈሳል፤ አልረጋም፤ ይህ የአባ ሰንጋ ምልክት ነው። ሁሉም እጁን ከሥጋው እንዲያነሣ አዘዘ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አዛውንት፣ በሬው በስመ አብ ተብሎ በሕይወቱ የታረደ እንጂ ጥንብ እንዳልሆነ፣ ድኻ ደግሞ ሥጋ እንደማይቀብር በቁጣ ነገሩት።

«በስመ አብ መባሉን ቢላው ሰምቷል፤ በሽታው ግን አልሰማም» አላቸው ወልደ ሩፋኤል። «ይህን ለልጁ የሚያጎርስ ሰው መቃብሩንም አብሮ ይቆፍርለት።»

አዛውንቱ ከዘራቸውን አነሡ። ሁለት ጎረምሶች ከኋላቸው ቀረቡ። ወልደ ሩፋኤል ወደ ኋላ አላለም፤ ይልቅ ወደ ቅጠሉ ተራምዶ በቦት ጫማው ሥጋው ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ እህል ሲረገጥ እንዳየ ሁሉ ደነገጠ። ዜማም ደንግጣለች፤ ግን ቆማ አላየችም። የሞተሩን የቤንዚን ቱቦ ነቅላ፣ ለመመለሻ የሚበቃውን አስቀርታ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ መጣችና የሥጋውን መደብ ሁሉ እያዞረች አርከፈከፈችበት። ከዚያ በኋላ ማንም ሊበላው አይችልም። አዛውንቱ እሷንም አባቷንም አፈራርቀው አይተው ከዘራቸውን መለሱ።

ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በሬው ከነሥጋው፣ ደም ከነካው አፈር ጋር ተቀብሮ አመድና እሾህ ተደረገበት። ሥጋውን የነኩት ሁሉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ከዚያ ክትባት ሆነ። ወልደ ሩፋኤል በአንድ እጁ መርፌ መሙላት ስለማይችል ዜማ እየሞላች ታቀብለዋለች፤ እሱ ይወጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት መቶ በላይ ከብት ከተቡ። ሥራው ላይ ሳይናገሩ ተግባቡ፤ እጁን ሲዘረጋ መርፌው ይደርስለታል።

ንዴቷ ግን በየመርፌው እየጨመረ ሄደ። እስከዚያ ቀን አባቷን ፈሪ ነው ብላ ታስብ ነበር፤ ፈሪ ሰው ደግሞ ምን ይደረጋል፣ ይታዘንለታል። ዛሬ ያየችው ሰው ግን ፈሪ አይደለም።

ሲመለሱ ዳገቱ ሁለት ሰው አያስወጣም። አባቷን አውርዳ ብቻዋን ጫፉ ድረስ ወጣችና ሞተሩን አቁማ ጠበቀችው። ወልደ ሩፋኤል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቶ፣ እየተንሸራተተ፣ ጄሶው ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ትንፋሹ እስኪመለስ አልታገሠችውም።

«ሽማግሌ ከዘራ ሲያነሣብህ ንቅንቅ አላልክም» አለችው። «ለሰው በሬ እንዲህ የምትቆም ሰውዬ፣ ለእኔ አንዲት ቃል እንዴት አጣህ?»

አንተ አለችው። ሁለቱም ሰምተውታል።

ወልደ ሩፋኤል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አባቱ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ እንደነበረ፣ አምደሚካኤል ራሱ ሳይማር እሱን እንዳስተማረው፣ በወንድሙ ፊት ምላሱ እንደሚተሳሰር ነገራት። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲወራ ሰምታዋለች።

«አንተን ያሳደገህ እሱ ነው፤ እኔን ያሳደግከኝ አንተ ነህ። የእሱን ውለታ በእኔ ሞተር ለምን ትመልሳለህ? የከብት ሐኪም ነህ፤ ‹ዝምታ ለበግም አልበጃት› ሲባል አልሰማህም?»

እሱም ደብቋት የኖረውን ሌላ ነገር አወጣ። ሞተሯ የለችም። ጌቱ በሦስተኛው ወር ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ይዞ ገደል ከቷታል፤ እሱ ዘሎ ተርፏል። ወልደ ሩፋኤል ብቻውን ገደሉን ወርዶ ብረቱ አጠገብ እስኪመሽ ተቀምጦ ነበር። ለማንም አልተናገረም።

ዜማ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ብትዞር ምን እንደምትለው አታውቅም ነበር። ሦስት ዓመት የተሠራች ሞተር በሦስት ወር፤ ያውም እሷ በአሥር ዓመቷ ባወቀችው ስሕተት። ዕንባዋ መጣ፤ ከኀዘን ይልቅ ንዴት ነው ያመጣው።

«ፈርቼ ነው» አላት ከኋላዋ። «በሽታው ቢበላኝ የሥራዬ ነው፤ ወንድሜ ከፊቱ ቢያባርረኝ ግን የት እገባለሁ ብዬ ፈራሁ።»

አልፈራህም አላለችውም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም። ሞተሩን አስነሥታ ከኋላዋ እስኪቀመጥ ጠበቀችው።

ደብረ ኤልያስ ሲገቡ የገበያ ቀን ነውና መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። የአምደሚካኤል ቤት መንገድ ዳር ነው። ሰውዬው ከደጃፉ ተቀምጦ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጨዋወት ሞተሩን አየ፤ ከፊት ማን እንዳለ፣ ከኋላ ማን እንዳለ ለየ፤ ተነሥቶም ቆመ። ዜማ ፍጥነት ጨምራ ልታልፍ ነበር።

«አቁሚ» አላት አባቷ።

ወርዶ ወንድሙ ፊት ቆመ። ከጭቃው በላይ ፊቱ አመድ መስሏል። አምደሚካኤል፣ ጭራሽ አንተም ከኋላዋ ተፈናጥጠህ መዞር ጀመርክ ወይ ብሎ ጎረቤቶቹን አየ።

«ጋሼ» አለው ወልደ ሩፋኤል። «ዛሬ ሁለት መቶ ከብት የተከተበው ይህች ልጅ ስለነዳች ነው። ነገም ትነዳለች። ከእንግዲህ በእሷ ነገር ቤቴ እንዳይመጡ። በሌላው በሌላው ደጄ ክፍት ነው።»

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረም። ከጎረቤቶቹ አንዱ ሁለት መቶ ነው ያልከኝ ብሎ ጠየቀ፤ አንዲት ሴት ዋሻ ማርያም ያሉ ዘመዶቿ ከብት ተርፎ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ዜማ መጣች። ሰማዩ አልተናደም። አምደሚካኤል ወንድሙን አላባረረም፤ ኩታውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ዜማ መሪውን እንደጨበጠች ቀረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ከጥዋቱም ከዳገቱም ይልቅ አሁን ነደደች። ለዚህች ነው? ተቆጥራ ለምታልቅ አራት መስመር ቃል ነው ሞተሯ ገደል የገባችው፣ እሷ ከቤቷ የወጣችው፣ እናቷ በሁለት ስልክ መካከል ስትመላለስ የኖረችው? አባቷ ከኋላዋ ሲቀመጥ እግሩ ሲርድ ተሰማት። እንዲህ የራደው ዛሬ ሙሉ ቀን ይህ የመጀመሪያው ነው። ልትጮህበት አሰበችና ተወችው።

ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋች። እሱ ባዶውን ሳጥን ሊፈታ በአንድ እጁ ከጎማ ገመዱ ጋር ሲታገል ቆማ አየችው፤ ቆይታ መጥታ ፈታችለት።

«ነገ ስንት ቀበሌ ይቀራል?»

«ሁለት። አሥራ ሁለት ሰዓት ብንነሣ…»

«አሥራ አንድ ተኩል» አለችው። «ፀሐይ ከወጣች በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። ደግሞ ማርሽ ቀንሺ እንዳትለኝ።»