ያልታጠበው ሉህ

እህቴ ጠይባ ለልጇ አላለቀሰችም። ሰልሰቢል አረብ አገር ሞታ እዚያው ተቀበረች የሚለው ስልክ የተደወለ ዕለት፣ ሰምታ የተሰጣ በርበሬዋን ከፀሐይ ማንሳት ጀመረች። እኔ አክስቷ ዓይኔ እስኪያብጥ ሳለቅስ፣ እሷ ለቀስተኛውን ስታስተናግድ ሰነበተች። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እውነቱን ልናገርና፣ «ይቺስ ድንጋይ ናት» ብዬ በልቤ አምቻታለሁ።

ባሏ ሸህ ሀቢቡላህ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ቁርኣን ያቀራሉ፤ ልጃቸውንም ያቀሯት እሳቸው ናቸው። ሰልሰቢል የመጨረሻ ትምህርቷን በሉሁ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳዋ ላይ፣ በጥላሸት ቀለም ጽፋ ነበር የሄደችው። በሸህ ቤት ተማሪው፣ ደረሳው፣ የጻፈውን በቃሉ ሳያሰማ ሉህ አይታጠብም። እሷ ደግሞ ሳታሰማ ተሳፈረች። ሉሁ ከነጽሑፏ ግድግዳ ላይ ቀረ፤ ጠይባ ጭስ እንዳይነካው በነጠላ ትሸፍነው ነበር።

አምና ሉሊት የምትባል ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ መጣች። መንገድ የሚመራት በባህል ቢሮ የሚሠራው አብዱሰላም ነው፤ እሱም የሸህ ደረሳ ነበር። ልጃችን በሞተችበት አገር የሁለቱን ሕዝቦች ወዳጅነት የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ ይከፈታል፣ የወሎ ሉሆችም ይታያሉ አለችን።

«ሸህ፣ ባህል ድልድይ ነው» አለች።

እኔ ምን ያስችለኛል! «ልጃችን በየትኛው ድልድይ ሄዳ ነው የቀረችው?» አልኳት።

ጠይባ «አልሰጥም» ብላ በሉሁ ፊት ቆመች። ሸህ ግን አብዱሰላም አብሮ እንደሚሄድ ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«መቃብሯን ትፈልግልኛለህ?»

«ኢንሻ አላህ፣ አባ።»

ሉሁን ራሳቸው አወረዱት።

መክፈቻውን በቴሌቪዥን አየነው። ሹማምንቱ ሪባን ቆርጠው ተቃቀፉ፤ የእኛን ሉህ ግን አላሳዩንም። ወዲያው ሠራተኛ የመላክ ስምምነት ተፈረመ ተባለና የሰፈራችን ልጃገረዶች ፓስፖርት ሊያወጡ ደሴ ወረዱ። ድልድዩ ለካ ለዚህ ኖሯል!

አብዱሰላም ተመልሶ ሊጠይቀን መጣ። ሉሁን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ሲያወጣው ባዶ እንጨት ነው። ታጥቧል።

«ያ አላህ! ምን አደረግከው?» ብዬ ጮህኩበት።

ልጁ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «መሬት ላይ፣ ከሰው ጫማ ትይዩ ሊያቆሙት ሆነ። ብለምን ብለምን አልሰሙኝም። የአላህ ቃል እንዲያ ሲዋረድ አላስቻለኝምና ማንም ሳያየኝ አጠብኩት። ሉሊት ተቆጣችኝ፤ ባዶውን አቆሙት። ውሃውን ግን ሰው በማይረግጥበት፣ ከተምር ዛፍ ሥር ነው ያፈሰስኩት።»

«መቃብሯስ?» አሉ ሸህ።

«ብዙ ዞርኩ፣ አባ። እዚያ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም። የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አጣሁ።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉት ሸህ። «የጻፈችው እሷ ያለችበትን አፈር ነክቷል።» እንባቸው በጢማቸው ወረደ።

ጠይባ ሉሁን ተቀብላ በመዳፏ ዳበሰችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ በቀስታ ጠየቀችው።

«ሳይሰማ ነው ያጠብከው?»

«ኧረ እናቴ! መጀመሪያ በሷ ፈንታ በቃሌ አሰማሁላት። አንድም አላስቀረሁ።»

«አሰማህላት» አለች። «እኔ እኮ ራሷ መጥታ ታሰማለች ብዬ ነበር። ሬሳዋን አላየሁ፣ አፈሯን አላየሁ። ሰው ተሳስቶ ይሆናል፣ ትምህርቷን ጀምራ አትቀርም እያልኩ...»

ሉሁን እንዳቀፈች መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ከውስጧ የወጣው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ ደግሞ ድንጋይ ብያት ነበር!

ብቻዬን የምችለው ስላልሆነ ወጥቼ ጎረቤቱን ተጣራሁ። ሴቶቹ ሻሻቸውን እያሰሩ እየሮጡ መጡ።

«ደግሞ ማን ሞተባችሁ?» አሉኝ።

«ሰልሰቢል ናት» አልኳቸው። «እናቷ አሁን ተረዳች።»