የብረቱ መስቀል

አራት ጎልማሶች እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ገመዱን ይጎትታሉ። ብርማ ቀለም የተቀባው መስቀል ግን ገና ከጉልበት ከፍ አላለም። መሐንዲሷ ልዩ የጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ስታይ ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ይበቃ ነበር።

ንድፉን ያወጣችው እሷ ናት። ከሸጎሌ በላይ ያለችው ይህች ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ጣሪያዋን የተሸከመው የባሕር ዛፍ ማገር ስለሆነ፣ ጣሪያው ላይ የሚተከለው መስቀል ውስጡ ባዶ ሆኖ በአሉሚኒየም እንዲሠራ ወስናለች፤ ክብደቱንም ስልሳ ኪሎ ገደማ ብላ አስልታለች። የሠሩት ደግሞ ባለ ብየዳ ቤቱ ጋሽ ጌቱ ናቸው፤ ባለፈው ክረምት በሕመም ላጡት ለአንድ ልጃቸው ለማቲያስ መታሰቢያ እንዲሆን። ምርቃቱ ዛሬ ነው። እንግዶች መንገድ ጀምረዋል።

መስቀሉ እየተወዛወዘ ሲወጣ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ተላተመ። ቀለሙ ተፋቀ። ከሥሩ ብቅ ያለው ጥቁር ነበር።

ልዩ ወደ ጋሽ ጌቱ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ይሄ ብረት ነው እንዴ?»

«ብረት ነው» አሉ፣ ዐይናቸውን ከመስቀሉ ሳይነቅሉ። «አሉሚኒየም በእኔ ማሽን አይበየድም። የልጄን ነገር ለሌላ ሰው እጅ ልስጥ? መጠኑን አልነካሁም። ውፍረቱም አንቺ ያልሽው ነው።»

ችግሩ እሱ ነበር። መጠኑ ያው፣ ውፍረቱ ያው፤ የተሠራበት ማዕድን ብቻ ተለውጧል። ብረት ደግሞ በእኩል መጠን ሲመዘን የአሉሚኒየምን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስልሳው መቶ ሰባ ሆነ ማለት ነው። ጣሪያው የአንድ ሰው ክብደት ይሸከማል ብላ ያሰበችው፣ ሦስት ሰው ተቃቅፎ የቆመበት ያህል ሊሆን ነው። የእንጦጦ ነፋስ ሲገፋውስ? ገመዱ የዞረበት መዘውር የታሰረውም ከዚያው ማገር ላይ ነው። ከማገሩ ሥር መዘምራኑ ይለማመዳሉ፤ ድምፃቸው በመስኮቱ ይወጣል።

መስቀሉ የጣሪያው ጠርዝ ሲደርስ ማገሩ ቀጭ አለ።

«አቁሙ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በሩን በርግዳ ገባች። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» መዝሙሩ መሐል ላይ ተቋረጠ። ወንበር እየገለበጡ ወጡ።

ፓስተር እንድርያስ በፍጥነት መጡ። «ልዩ፣ ትንሽ ነው እኮ የቀረው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኚህን አባት በሰው ፊት...»

«ፓስተር፣ መውረድ አለበት።»

ጋሽ ጌቱ ዞር ብለው አዩዋት። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ይወድቃል ነው የምትዪኝ?»

«ዛሬ ላይወድቅ ይችላል።» በጣቷ ወደ ውስጥ አመለከተች። «ግን ሥሩ ሰው ይቀመጣል፣ ጋሼ። በየሳምንቱ።»

ሰዎቹ ገመዱን እንደያዙ ይንቀጠቀጣሉ። ከቆርቆሮው ሥር እንደገና አንድ ነገር ተሰነጠቀ። ጋሽ ጌቱ ኮታቸውን አውልቀው ጣሉና ከፊት ሆነው ገመዱን ያዙ።

«በቀስታ» አሉ። «በቀስታ ልቀቁ።»

መስቀሉ በጣት በጣት ወረደ። ወደ መጨረሻው ገመዱ ከእጃቸው አመለጠ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው ተነሣ። የተጎዳ ሰው የለም፤ የጋሽ ጌቱ መዳፍ ግን ተልጦ ይደማል። ደሙን ሳያብሱ ከብረቱ አጠገብ ቁጢጥ አሉና ቀለሙ የተፋቀበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። ልዩ አጠገባቸው ተቀመጠች። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«እንጨትስ?» አሏት።

«ምን ዓይነት እንጨት?»

«ዋንዛ። በደንብ የደረቀ ነው።»

በልቧ አሰላችው። «ደረቅ ዋንዛ ቀላል ነው። ሳንቃ ከሆነ ጣሪያው አይሰማውም። ከየት ይገኛል?»

«የማቲያስ አልጋ አለ።»

ልዩ ቀና ብላ ማየት አቃታት። «የአልጋ ጎን ቢበዛ ሁለት ሜትር ነው፣ ጋሼ» አለች፣ ዝም ማለቱ ስለከበዳት። «መስቀሉ አጭር ይሆናል።»

«እሱም ረጅም አልነበረም» አሉ።

ተነሥተው ኮታቸውን ሳያነሱ ቁልቁለቱን ወደ ቤታቸው ወረዱ። የእንግዶቹ መኪና በበሩ ሲገባ ፓስተሩ ስሟን ጠሩ። ልዩ አልዞረችም። አልጋውን ብቻቸውን እንዳይፈቱት ተከተለቻቸው።