ምትክ እስኪመጣ

«እግዜር ያጥናህ። ለሟች እናትም ምትኩን ይስጥ» አሉ አቶ ሽባባው፣ ከደጉ አጠገብ ጉዝጓዙ ላይ እየተቀመጡ። ንፍሮ ዘግነው ቃሙና በግራ በኩል ብቻ አላመጡት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ይቺ የቀኝ መንጋጋዬ... እዚሁ አፌን ብከፍትልህስ?»

«አቶ ሽባባው፣ ልቅሶ ላይ እኮ ነን።»

«መቼ ጠፋኝ! የቀረኸን አንተ ብቻ ነህ ብዬ እንጂ።»

የኮሶበርን ሐኪም አበረን ቀብረው በጤና ጣቢያው ግቢ ዳስ ከጣሉ ወዲህ፣ ለቅሶ ደራሹ ለደጉ ሦስት ዓይን፣ ሁለት ቁስልና አንድ የአንገት እብጠት አሳይቶታል። እሱ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ ድሬሰር ነው። ለእነሱ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ሐኪም ደግሞ አይደክምም፣ አይታመምም።

«የተማርኩበት ሆስፒታል ለዓይን አንድ፣ ለአጥንት አንድ፣ ለወላድ አንድ ሐኪም ነበረው» ብሎት ነበር አበረ አንድ ቀን፣ ጓንቱን ሳያወልቅ ግድግዳ ተደግፎ። «እነሱም ደከመን እያሉ ያማርሩ ነበር። እዚህ ዓይኑም አጥንቱም ወላዱም እኔው ነኝ። አሁን አሁንማ ሰው ሲስቅ የሚያቃስት ይመስለኛል።»

አበረ የበላይ መሥሪያ ቤቱን አራት ጊዜ ዕረፍት ጠየቀ። አራቱንም ጊዜ ያው መልስ መጣ፦ ምትክ እስኪመጣ በሥራዎ ይቆዩ። እነዚያ ማኅተም ታቅፈው የተቀመጡ ሰዎች ድካሙን አያውቁም ማለት ሐሰት ነው። ያውቃሉ! በሽተኛ ጥሎ እንደማይሄድም ያውቃሉ፤ ወንበራቸው የተመቻቸው በዚያ ላይ ነው። አበረ ተስቦ ሲያክም ተስቦ ያዘው። እየተንቀጠቀጠም ሁለት ቀን ሠራ። በሽተኛ በመጣ ቁጥር ጋደም ካለበት እያንኳኳ ያስነሣው ደጉ ነበር።

ዛሬ ሣልስቱ ነው። ነገ ደጉ በጭነት መኪና ወደ ጫግኒ ወርዶ ላይመለስ ቆርጧል። ይህን የነገረው ለአበረ እናት፣ ከጥርባ ለመጡት ለእማማ ደብሪቱ ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ መልእክት የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ገባ። ቆሞ አነበበው። «ምትክ እስኪመጣ ድረስ፣ አቶ ደጉ የሟችን ሥራ ደርበው እንዲሠሩ።»

«ተመስገን!» አለ የዳሱ ሰው። ልቅሶ ላይ! አቶ ሽባባው የደጉን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አላልኩም? ምትኩን ሰጠን!»

ወዲያው አራት ሰዎች ከዘንገና በኩል ቃሬዛ ተሸክመው ግቢው ደረሱ። የተኛችበት ዋጋዬ የምትባል ወጣት ናት፤ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ። የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል።

«ሐኪም አበረ የታሉ?» አለ ባሏ፣ ዳሱን እያየ።

ዓይን ሁሉ ወደ ደጉ ዞረ። ደጉ፣ አበረ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲያዞር ሦስት ጊዜ አይቷል፤ በራሱ እጅ ግን ሞክሮ አያውቅም። ወደ ማዋለጃው ካልገባ ትሞታለች። ከገባ ደግሞ ነገ ሌላ ቃሬዛ አለ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ።

ሊነሣ ሲል እማማ ደብሪቱ ኩታውን ጨምድደው ያዙት።

«አትነሣ! ልጄን የገደለው ተስቦ መሰለህ? 'ምትክ እስኪመጣ' ነው የገደለው። ዛሬ ከተነሣህ ጫግኒን አታያትም።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ካወቅህ ተቀመጥ!»

ቃሬዛው ላይ ዋጋዬ በአገውኛ እናቷን ጠራች። እናቷ አልመጣችም ነበር። እማማ ደብሪቱ ዘወር ብለው አዩዋት።

ኩታውን አልለቀቁትም። ከትከሻው ላይ ገፈፉትና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ዓይኑን ሳያዩ፣ እንባቸው እየወረደ፣ የቀኝ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለሉለት። ቀጥለው የግራውን።